ሬሳውን የተናዘዘው ፈላስፋና ቀባሪ ያጡት ድሆች

ለንደን ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የሚባል ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አለ። የተማሪዎች ማዕከል ወደሚባለው ህንፃው ስትገቡ አንድ ሽማግሌ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። ጥቁር ኮት ለብሷል፣ ሰፋ ያለ የሳር ባርኔጣ አድርጓል፣ የሚወዳት ከዘራውም አብራው አለች። ተማሪዎች ቡናቸውን ይዘው በአጠገቡ ያልፋሉ። አንዳንዱ ፎቶ ይነሳል። አብዛኛው ግን ስለለመደው ዞር ብሎም አያየው።

ሐውልት እንዳይመስላችሁ። ፊቱ ከሰም የተሠራ ነው እንጂ ከልብሱ ስር ያለው የራሱ የሰውየው አፅም ነው። ከሞተ ወደ 200 ዓመት እየተጠጋው ነው። እዚያ ያስቀመጠው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፣ ራሱ ተናዞ ነው።

ስሙ ጄረሚ ቤንታም ይባላል። ዛሬ የሕይወት ታሪኩን ይዘንላችሁ የመጣነው አፅሙ ስለሚገርም ብቻ አይደለም። ሁላችንም የምናውቀው አንድ ጥያቄ አለ። ታክሲ ውስጥም፣ ቡና ላይም፣ ፖለቲካ ሲነሳም ይመጣል፦ ብዙዎች እንዲድኑ ጥቂቶች ቢሞቱ ምን ችግር አለው? አምስት ሰው ከሚያልቅ አንድ ሰው ቢያልፍ አይሻልም ወይ? ይሄንን ነገር ከጨዋታ አውጥቶ የሂሳብ ጥያቄ ካደረጉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ቤንታም ነው። በመጨረሻም በዚያ ሂሳብ ሚዛን ላይ የራሱን ገላ አስቀምጧል። ከእሱ በኋላ ግን ሌሎች ሰዎች ሳይጠየቁ ተቀመጡ። እኛ ይሄን ታሪክ የመረጥነው በነዚህ በሁለቱ መካከል ስላለው ልዩነት ነው።

(የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የአባቱ ተስፋ

ቤንታም የተወለደው ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1748 ለንደን ውስጥ ነው። አባቱ ገንዘብ ያለው የሕግ ባለሙያ ነበር። ልጁ ደግሞ ያልተለመደ ልጅ ሆነ። ሰውነቱ ደቃቃ፣ ጉልበት የሌለው፣ ከእኩዮቹ ጋር መሯሯጥ የማይሆንለት፣ ግን ገና በሕፃንነቱ ላቲን መማር የጀመረ፣ ትልልቅ መጽሐፍ ላይ ተደፍቶ የሚውል ልጅ። እናቱ የሞተችበት 11 ዓመት እንኳን ሳይሞላው ነው።

አባትየው ይሄ ልጅ አንድ ቀን የእንግሊዝ ትልቁ የሕግ ሹም ይሆናል ብሎ ቆርጦ ነበር። ስለዚህ በ12 ዓመቱ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ አስገባው። አዎ፣ በ12 ዓመቱ።

ኦክስፎርድ ላይ አንድ ነገር ገጠመው። በዚያን ጊዜ እዚያ የሚማር ሰው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንን 39 የእምነት አንቀጾች እቀበላለሁ ብሎ መፈረም ነበረበት። ልጁ አንቀጾቹን አንድ በአንድ አነበበ፤ አንዳንዱ አልዋጥልህ አለው። ቢጠይቅ፣ አንተ ማን ሆነህ ነው ትልልቅ ሰዎች የወሰኑትን የምትጠይቀው የሚል ዓይነት መልስ ተሰጠው። ፈረመ። ያቺ ፊርማ ግን ዕድሜ ልኩን ስትከነክነው ኖረች። አባቶቻችን ያሉት ነውና ተቀበል የሚል ነገር ሲሰማ የሚያንገሸግሸው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው ማለት ይቻላል።

በ1769፣ በ21 ዓመቱ የጥብቅና ፈቃድ አገኘ። ግን አልሠራበትም። የእንግሊዝ ሕግ በዚያ ዘመን ጫካ ነበር። የሞት ቅጣት የሚያስከትሉት ወንጀሎች ብቻ ወደ 200 ይጠጉ ነበር። ኪስ የሚያወልቅ ሌባ ይሰቀላል። ክስ ደግሞ ገንዘብ ያለው የሚያሸንፍበት፣ ጠበቃ የሚከብርበት ጉዳይ ነው። ቤንታም በዚህ ሕግ እንጀራ ከመብላት ሕጉን ራሱን መንቀፍ ይሻለኛል ብሎ ቤቱ ተቀምጦ መጻፍ ጀመረ። አባትየው አዘነ።

አንድ ነገር ያዙልን። በዚያው በ1769 ይሄ የ21 ዓመት ወጣት የመጀመሪያ ኑዛዜውን ጻፈ። ሲሞት ሬሳው ለሐኪሞች እንዲሰጥና ተቀዶ መማሪያ እንዲሆን። በኋላ እንመለስበታለን።

ሚዛኑ

በ1776 ስሙን ሳይጽፍ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። እዚያ ላይ ነው የዘመኑን አስተሳሰብ ያናወጠው ሐሳብ የመጣው፦ የትክክልና የስህተት መለኪያው የብዙ ሰዎች ትልቁ ደስታ ነው የሚለው። ሐሳቡን መጀመሪያ ያመጣው እሱ አይደለም። እሱ ያደረገው ከሐሳቡ ሙሉ ሥርዓት ማውጣት ነው። በ1789 ያሳተመው ስለ ሥነ ምግባርና ሕግ አወጣጥ መሠረቶች የሚያወራው ትልቁ መጽሐፉ ይሄንን ሥርዓት ይዘረዝራል። ዛሬ ዩቲሊቴሪያኒዝም የምንለው ፍልስፍና ከዚያ ይመዘዛል።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሰው ሁለት ጌቶች አሉት፣ ደስታና ስቃይ። ስለዚህ አንድ ድርጊት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብለህ ስትጠይቅ፣ ወግ ምን ይላል፣ ንጉሡ ምን ይላል አትበል። ደስታውንና ስቃዩን ደምርና ቀንስ። ቤንታም ለድምሩ ሰባት መለኪያ አስቀምጧል፦ ምን ያህል ይጠነክራል፣ ምን ያህል ይቆያል፣ መምጣቱ እርግጥ ነው ወይ፣ ቅርብ ነው ወይስ ሩቅ፣ ሌላ ደስታ ይወልዳል ወይ፣ ስቃይ አልተቀላቀለበትም ወይ፣ ስንት ሰው ይዳረሰዋል።

አሁን ስንሰማው ደረቅ የገበያ ሂሳብ ይመስላል። በዚያ ዘመን ግን እሳት ነበር። ምክንያቱም በዚህ ሚዛን ላይ የንጉሥ የጥርስ ሕመምና የለማኝ የጥርስ ሕመም እኩል ነው የሚመዝነው። ማንም ሰው ከአንድ በላይ አይቆጠርም፣ ማንም ሰው ከአንድ በታች አይቆጠርም። ቅጣትም ራሱ ስቃይ ስለሆነ የሚፈቀደው የበለጠ ስቃይ የሚያስቀር ከሆነ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለኪስ አውላቂ ገመድ አያስፈልግም። ባርነትን ተቃወመ፣ የሞት ቅጣትን ተቃወመ። እንስሳት እንኳን ማሰብ ወይም መናገር ባይችሉ መሰቃየት ይችላሉና ከሚዛኑ አይውጡ ብሎ የተከራከረው በዚያው መጽሐፉ ነው።

ሰውየው ራሱ ደግሞ የሚያስቅ ጠባይ ነበረው። አላገባም፣ ልጅ አልወለደም። ድመቱን እንደ መኳንንት ሰር ጆን ላንግቦርን ብሎ ሾሞ ይጠራው ነበር፤ ድመቱ ሲያረጅና ሲረጋጋ ደግሞ የቄስ ማዕረግ ጨመረለት። ከዘራውም የራሷ ስም ነበራት። ሽማግሌ ሆኖ በግቢው ውስጥ ሶምሶማ ይሮጥ ነበር። ዛሬ ኢንተርናሽናል እያልን የምንጠራውን ቃል የፈጠረውም እሱ ነው። ምን አለፋችሁ፣ በቀን በቀን እየጻፈ በሺህ የሚቆጠር ወረቀት ትቶ ያለፈ ሰው ነው። ሰው ይጠላ ነበር የሚል ማንም የለም። ዕድሜውን በሙሉ የሰውን ስቃይ እንዴት ልቀንስ እያለ ነው የኖረው።

የሂሳቡ ሌላ ፊት

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንግባ።

በ1785 ወንድሙን ሳሙኤልን ሊጠይቅ ወደ ሩሲያ ግዛት ሄደ። ሳሙኤል መሐንዲስ ነበር፣ አሁን ቤላሩስ ውስጥ ባለችው ክሪቼቭ ላይ የልዑል ፖተምኪንን ርስት ሥራ ይመራ ነበር። ብዙ ሠራተኛ በጥቂት ሰው ለመቆጣጠር ክብ ህንፃ አሰበ፣ መሐል ላይ ተቆጣጣሪ የሚቀመጥበት። ቤንታም ሐሳቡን ወስዶ እስር ቤት አደረገው። ስሙ ፓኖፕቲከን ነው፤ ዕቅዱ የታተመው በ1791 ነው። እስረኞቹ በክቡ ዙሪያ ናቸው፣ ጠባቂው መሐል ማማ ላይ ነው። እሱ ያያቸዋል፣ እነሱ አያዩትም። ስለዚህ ቢኖርም ባይኖርም ሁልጊዜ እንደታዩ ሆነው ይኖራሉ። ለቤንታም ይሄ ርኅራኄ ነበር፦ ሰንሰለት የለም፣ ግርፋት የለም፣ ወጪው ትንሽ ነው። በዚህ ህንፃ ከ20 ዓመት በላይ ደከመ፣ ገንዘቡን አፈሰሰበት። መንግሥት ሳይሠራው ቀረና በ1813 የ23 ሺህ ፓውንድ ካሳ ከፈለው።

ከእስር ቤቱ ቀጥሎ ወደ ድሆቹ ዞረ። በ1797 እና በ1798 ባሳተመው ዕቅድ፣ በመላ አገሪቱ 250 የሥራ ቤቶች ይሠሩ፣ በእያንዳንዱ 2 ሺህ ድሃ ይግባ አለ። በድምሩ 500 ሺህ ሰው ማለት ነው። ለማኝ ከመንገድ ተይዞ ይገባል። ለምን? ሂሳቡን ስሙት። ለማኝ ሲያይ ልቡ ሩኅሩኅ የሆነ መንገደኛ ያዝናል፣ ልቡ ደረቅ የሆነው ደግሞ ይጸየፋል፤ ሁለቱም ስቃይ ነው። መንገደኛው ብዙ ነው፣ ለማኙ ጥቂት ነው። ለማኙ ራሱ መግባቱን ባይወደው እንኳን ድምሩ ለመንገደኞቹ ያደላል።

ሳይታተም በቀረ ወረቀቱ ላይ ደግሞ፣ ብዙ ንጹሐን ሰዎችን ከስቃይ ለማዳን ሌላ መንገድ ከጠፋ፣ ያጠፋውንና የሚያውቀውን ሰው በጥብቅ ቁጥጥር ማሰቃየት ሊፈቀድ ይችላል ብሎ ተከራክሯል። ያ ወረቀት የታተመው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዛሬ ድረስ መንግሥታት የሚከራከሩበት ጉዳይ ነው።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ቤንታም ጨካኝ ስለሆነ አይደለም እዚህ የደረሰው። ሂሳቡን የሚያቆም አጥር ስላልነበረው ነው። እኛ ብዙዎቻችን ሰው ሰው በመሆኑ ብቻ የማይነካ ነገር አለው ብለን እናምናለን። ቤንታም ይሄን አልተቀበለም። ሕግ ያልሰጠው ከተፈጥሮ የመጣ መብት የሚባል ነገር ባዶ ወሬ ነው ብሎ ነው የሚያምነው። የፈረንሳይ አብዮተኞች በ1792 የክብር ዜግነት ሰጥተውታል፤ እሱ ግን የሰብዓዊ መብት መግለጫቸውን አንቀጽ በአንቀጽ ተችቶታል። አጥር ከሌለ ደግሞ ሁሉም ነገር ሚዛን ላይ ይወጣል። ሰውም ይወጣል።

የሬሳ ገበያ

በዚህ መሐል በእንግሊዝና በስኮትላንድ አንድ አስቀያሚ ችግር እየገነፈለ ነበር።

ሐኪም ለመሆን የሰው ገላ ማወቅ ያስፈልጋል። የሰው ገላ ለማወቅ ደግሞ ሬሳ ቀዶ ማየት ግድ ነው። ማደንዘዣ በሌለበት በዚያ ዘመን እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ደም ሥሩ የት እንዳለ የማያውቅ ሐኪም ማለት ሞት ማለት ነው። የሕክምና ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ብዙ ሬሳ ይፈልጋሉ። ሕጉ የሚሰጣቸው ግን የተሰቀሉ ነፍሰ ገዳዮችን ብቻ ነበር። በ1752 የወጣው ሕግ ነፍሰ ገዳይ ከተሰቀለ በኋላም ሬሳው ይቀደድ ያለው ለቅጣት ነው፣ ሞት ብቻውን አይበቃውም ተብሎ። ስለዚህ በሕዝቡ ዘንድ መቀደድ ማለት የመጨረሻው ውርደት ነበር። በትንሣኤ ቀን በምን ገላዬ እነሳለሁ ብሎ የሚፈራም ብዙ ነበር።

ታዲያ ፍላጎት ካለ ሻጭ አይጠፋም። ሬሳ ሌቦች ተነሱ። ትናንት የተቀበረ ዛሬ ሌሊት ይወጣል። ሀብታም መቃብሩን በብረት ያጥራል፣ ጠባቂ ይቀጥራል። ድሃ ምን ያድርግ? ወገኑ ማታ ማታ መቃብር ላይ ያድራል።

በ1828 ደግሞ ነገሩ ከሌብነት አለፈ። ኤድንብራ ከተማ ውስጥ በርክ እና ሄር የሚባሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሄር አልጋ የሚያከራይ ቤት ነበረው። አንድ ሽማግሌ ተከራይ የኪራይ ዕዳ ሳይከፍል ሞተ፤ ዕዳውን ለማካካስ ሬሳውን ለአናቶሚ መምህሩ ለዶክተር ኖክስ ሸጡት። ከ7 ፓውንድ በላይ አገኙ። ከዚያ በኋላ ሰው እስኪሞት መጠበቅ ለምን አስፈለገ? በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ 16 ሰው ገድለው ሸጡ። ማንን? ሀብታም አይደለም። ተከራይ፣ መንገደኛ፣ አሮጊት፣ መንገድ ላይ የሚውል የ18 ዓመት ልጅ። ቢጠፉ ፈላጊ የላቸውም ያሏቸውን። በርክ ተሰቀለ፣ እሱም ተቀደደ። ሄር መስክሮ ነፃ ወጣ። በ1831 ለንደን ላይ ተመሳሳይ ግድያ ሲደገም፣ ፓርላማው ከዚህ በኋላ መቀመጥ አልቻለም።

የቤንታም ወዳጅ የሆነው ሐኪም ሳውዝውድ ስሚዝ መፍትሔውን በ1824 ጽፎት ነበር፣ ቤንታም ባቋቋመው መጽሔት ላይ። ሙታን ለሕያዋን ይጥቀሙ፤ በሆስፒታልና በድሆች ማደሪያ ሞተው ወገን ያልጠየቃቸው ሰዎች ሬሳ ለትምህርት ቤቶች ይሰጥ የሚል ነው። ቤንታም ራሱ በ1826 ሬሳ በሕግ የሚገኝበትን ረቂቅ አዘጋጅቶ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሮበርት ፒል ላከ።

ሂሳቡ አይን የማይስት ነው። ሟቹ አይሰማውም። የሚያለቅስለት ዘመድ የለም። በሌላ በኩል በሺህ የሚቆጠር በሽተኛ ይድናል፣ የግድያ ገበያውም ይዘጋል። ማነው የሚጎዳው? ማንም። በወረቀት ላይ ማንም።

የራሱ ተራ

ቤንታም የሚመሰገንበት አንድ ነገር አለ። ለሌላው ያዘዘውን መድኃኒት ራሱ ጠጥቷል።

ጁን 6 ቀን 1832 በ84 ዓመቱ ቤቱ ውስጥ አረፈ። ከመሞቱ ጥቂት ቀን በፊት ኑዛዜውን አድሷል። በ21 ዓመቱ ያሰበውን በ84 ዓመቱም አልቀየረም። ሬሳው ለሳውዝውድ ስሚዝ ይሰጥ፣ በተማሪዎችና በወዳጆች ፊት ይቀደድ፣ አፅሙ ደግሞ ልብሱን ለብሶ በወንበሩ ላይ ይቀመጥ።

ጁን 9፣ ሳውዝዋርክ ውስጥ በሚገኝ የአናቶሚ ትምህርት ቤት ወዳጆቹና ተማሪዎች ተሰበሰቡ። ውጪ መብረቅና ነጎድጓድ ነበር። ሳውዝውድ ስሚዝ በወዳጁ ሬሳ ፊት ቆሞ ረጅም ንግግር አደረገ፣ ከዚያ ሥራው ቀጠለ። እስቲ አስቡት። በዚያ አገር እስከዚያን ቀን ድረስ የነፍሰ ገዳይ ቅጣት የነበረውን ነገር፣ ስሙ በአውሮፓና በአሜሪካ የታወቀ፣ ገንዘብ ያለው፣ ቀባሪ ያላጣ ሰው በገዛ ፈቃዱ ወሰደው። ውርደቱን ከድሃው ላይ አንስቶ በራሱ ላይ ጣለው ማለት ይቻላል።

ጭንቅላቱን ለማድረቅ የተሞከረው ዘዴ ግን ፊቱን አበላሸው። ለዚያ ነው ዛሬ የሰም ፊት ያለው። ገላው ውስጥ ድርቆሽ ተሞላ፣ ልብሱ ለበሰ፣ በ1850 ወደ ዩኒቨርሲቲው ገባ።

የሌሎቹ ተራ

ቤንታም ከሞተ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኦገስት 1 ቀን 1832፣ የአናቶሚ ሕጉ ጸደቀ። ረቂቁን ፓርላማ ውስጥ የገፋው ሄንሪ ዋርበርተን የቤንታምን መንገድ ከሚከተሉት አንዱ ነበር። ሕጉ የነፍሰ ገዳዮችን ቅደት አስቀረ። በምትኩ ሬሳው በእጁ ያለ ሰው፣ የድሆች ማደሪያ ኃላፊም ቢሆን፣ ወገን ካልጠየቀ ለትምህርት ቤት መስጠት ይችላል አለ።

ሬሳ ሌቦቹ ጠፉ። ግድያው ቆመ። ሐኪሞች ተማሩ። እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ዳነ። ይሄን መካድ አይቻልም።

ግን ማን ከፈለ? ሕጉ ከወጣ በኋላ በነበሩት 100 ዓመታት ለንደን ውስጥ ብቻ ወደ 57 ሺህ የሚጠጋ ሬሳ ተቀዷል። በፈቃዱ የሰጠ ኢምንት ነው፤ ከመቶ ግማሽ እንኳን አይሞላም ከድሆች ተቋማት ውጪ የመጣው። ትናንት የነፍሰ ገዳይ ቅጣት የነበረው ዛሬ የድህነት ቅጣት ሆነ። ወገን ያልጠየቀው ማለት ደግሞ ወገን የሌለው ማለት ብቻ አይደለም። ልጅ አለው፣ ግን ልጁ የመቅበሪያ ገንዘብ የለውም። እህት አለችው፣ ግን ሩቅ አገር ናት፣ መርዶው ሳይደርሳት ቀናቱ ያልፋሉ።

በ1834 ደግሞ አዲሱ የድሆች ሕግ መጣ። ከዋና አርቃቂዎቹ አንዱ ኤድዊን ቻድዊክ ነው፣ የቤንታም ጸሐፊ የነበረው። ከእንግዲህ እርዳታ የፈለገ ጤነኛ ድሃ ወደ ሥራ ቤት ይግባ ተባለ። የሥራ ቤት በር ለእንግሊዝ ድሃ የሚያስፈራው በውስጡ ባለው ሥራና ቅጥነት ብቻ አልነበረም። እዚያ ከሞትክ ወዴት እንደምትሄድ ስለሚታወቅ ነው። ለዚህ ነው ድሃው ከሚበላው ላይ ቀንሶ በየሳምንቱ ሳንቲም ሳንቲም እያዋጣ የቀብር ማኅበር የሚገባው። እኛ እድር የምንለው ነገር ማለት ነው። የሚከፍለው ለሳጥኑ ብቻ አይደለም፤ እኔ ሰው አለኝ ለማለት ነው።

አገራችን ላይ ትልልቅ ሰዎች ሲመርቁ ቀባሪ አያሳጣህ ይላሉ። ልጆች ሆነን ስንሰማው ምን ዓይነት ምርቃት ነው ብለን እንስቅ ነበር። ይሄን ታሪክ ካነበብን በኋላ ገባን።

የጀልባዋ ልጅ

ነገሩ በሬሳ አልቆመም። በ1884፣ ቤንታም ከሞተ ከ52 ዓመት በኋላ፣ ሚኞኔት የምትባል ትንሽ መርከብ ከእንግሊዝ ወደ አውስትራሊያ ስትሄድ ደቡብ አትላንቲክ ላይ ሰጠመች። አራት ሰዎች በትንሽ ጀልባ ተረፉ። ካፒቴኑ ቶም ደድሊ፣ ስቲፈንስ፣ ብሩክስ እና ሪቻርድ ፓርከር የሚባል የ17 ዓመት ልጅ። ምግብ አልቋል፣ የሚጠጣ ውሃ የለም። ልጁ የባሕር ውሃ ጠጥቶ ታመመ። ካፒቴኑ አሰበ፦ እኔና ስቲፈንስ ሚስትና ልጆች አሉን። ይሄ ልጅ እናት አባት የለውም። ደግሞም ሊሞት ነው። ብሩክስ አልተስማማም። ዕጣ አልተጣለም። ልጁም አልተጠየቀም። ገደሉት፣ ሥጋውን በሉ፣ ከአራት ቀን በኋላ አንዲት የጀርመን መርከብ አገኘቻቸው።

በንጹህ ቁጥር ካየነው አንድ ሞቶ ሦስት ተረፈ። ካፒቴኑ ራሱ አገሩ ሲገባ የሆነውን ሳይደብቅ ነው የተናገረው፣ የሚያስቀጣ አልመሰለውም። ሕዝቡም አዘነላቸው። ፍርድ ቤቱ ግን አልተቀበለም። ችግር ንጹህ ሰው ለመግደል ምክንያት አይሆንም ብሎ ሞት ፈረደባቸው፤ በኋላ ቅጣቱ ወደ ስድስት ወር እስራት ዝቅ አለ። ዳኞቹን ያስጨነቀው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ማን ይሙት የሚለውን ማን ይወስናል? የሚወስነው ሰው መቼም ራሱን አይመርጥም። ደካማውን፣ ልጁን፣ ጠያቂ የሌለውን ነው የሚመርጠው።

ኤድንብራ ላይም ያየነው ይሄንኑ ነው። በሕጉም ላይ ያየነው ይሄንኑ ነው።

እኛ ምን አልን

ለቤንታም ፍትሐዊ እንሁን። ተከታዮቹ የሚሉት አላቸው። ሂሳቡ በደንብ ከተሠራ እንዲህ ዓይነት ነገር አይፈቅድም ይላሉ። ምክንያቱም ሰው ያለፈቃዱ ለሌላው መድኃኒት ሊደረግ የሚችልበት አገር ውስጥ ማንም ተረጋግቶ አይተኛም፤ የሁሉም ፍርሃት ሲደመር ከጥቅሙ ይበልጣል። ቤንታምም ራሱ የሰው ደኅንነትና መተማመን የደስታ ሁሉ መሠረት ነው ብሎ ያምን ነበር። ጥሩ መልስ ነው። ግን የድሆቹ ፍርሃት እኮ እዚያው አጠገባቸው ነበር። በዲሴምበር 1831 አበርዲን ከተማ ውስጥ ሕዝቡ ተቆጥቶ የአናቶሚ ትምህርት ቤቱን አቃጥሎታል። ሂሳቡን የሠሩት ሰዎች ግን ያንን ፍርሃት ያላዋቂነት ብለው በትንሹ መዘኑት። ችግሩ ሚዛኑ ብቻ አይደለም፣ ሚዛኑን የያዘው እጅም ነው።

ደግሞም ሂሳቡን ጨርሶ መጣል አንችልም። ሐኪም አንድ አልጋና ሁለት በሽተኛ ሲኖረው ይቆጥራል። ጎርፍ ሲመጣ የቱን ሰፈር ቀድመን እናውጣ ብሎ የሚወስን ሰው ይቆጥራል። ቁጥር የማያየው ሰው ደግ ሊመስል ይችላል፣ ግን ብዙ ሰው ያስጨርሳል። ቤንታም ይሄን ስላስተማረን እናመሰግነዋለን።

እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው። ለብዙዎች ሲባል ጥቂቶች ይሙቱ የሚል ሰው ስትሰሙ፣ ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ ከጥቂቶቹ ውስጥ አንተ አለህበት ወይ? ሁለተኛ፣ ጥቂቶቹን ጠይቀሃቸዋል ወይ? ቤንታም ለራሱ ገላ ሁለቱንም በትክክል መልሷል። በስሙ የመጣው ሕግ ግን አንዱንም አልመለሰም። መስዋዕት የሚባለው ሰው ራሱ ሲሰጥ ነው። ሌላው ሲሰጥህ ስሙ ሌላ ነው።

የታሪኩ መጨረሻ ደግሞ ይሄን የሚያረጋግጥ ይመስለናል። ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ የሕክምና ተማሪዎች የሚማሩበት ገላ ቀባሪ ካጣ ድሃ አይወሰድም። በ2004 የወጣው ሕግ ሰውየው በሕይወት እያለ ራሱ በጽሑፍ መስማማት አለበት ይላል። ብዙ ሰውም በፈቃዱ ይሰጣል። ትምህርቱም አልቆመም፣ ሐኪምም አልጠፋም። ማለትም ከብዙ ዓመት በኋላ አገሩ የተከተለው ቤንታም ለሌሎች የጻፈውን ረቂቅ ሳይሆን፣ በ21 ዓመቱ ለራሱ የጻፈውን ኑዛዜ ነው።

ሽማግሌው አሁንም መስታወቱ ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ ባርኔጣውን አድርጎ። እነዚያ 57 ሺህ ሰዎች ግን ወንበርም፣ መስታወትም፣ ስማቸው የተጻፈበት ነገርም የላቸውም። እሱን የሚያይ ሰው እነሱንም ቢያስብልን ብለን ነው ይሄን የጻፍነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? አስቡበት። ቀባሪ አያሳጣችሁ፣ ቸር እንሰንብት።